ዝላይ ያሏት ልጅ

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ክፍልን ንባብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ በሰፈሩ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው እስካሁን ሲጋራቸውን ከኋላቸው የሚደብቁ የልጆች አባቶች አሉ። መምህሩም ይሄን ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸዋል። “በኔ ጊዜ ማንበብ ሳይችል ከኔ ክፍል ያለፈ ልጅ የለም” ማለት ይወዳሉ። ያላለፉት የት እንደገቡ ግን ጠይቀው አያውቁም።

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እንደ አባቷ መምህር የሆነችው ልጃቸው አንድ ክምር ወረቀት ታቅፋ መጣችና መቀስ አስጨበጠቻቸው።

“አባዬ፣ ከተቀመጥክ አይቀር እነዚህን ካርዶች ቁረጥልኝ። ሰኞ ለመምህራን ሥልጠና እሰጣለሁ።”

“ስለ ምን?”

“ስለ ዲስሌክሲያ። አእምሯቸው ደህና ሆኖ ማንበብ ስለሚያስቸግራቸው ልጆች።”

“ኧረ በሕግ! ስንፍናም የክብር ስም ወጣለት?”

ልጃቸው ክርክሩን ስለምታውቀው አልገባችበትም። “ቁረጠውና አንብበው” ብላ ሌላውን ወረቀት ለማምጣት ወጣች።

ካርዶቹ ላይ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። “ሲናገር ቀልጣፋ ነው፤ ሲያነብ ይደናቀፋል።” ቆረጡ። “ትናንት ያወቀውን ቃል ዛሬ እንደ እንግዳ ያየዋል።” ቆረጡ። “‘ቡ’ን ከ‘ቢ’፣ ‘ሱ’ን ከ‘ሲ’ ያምታታል።” ይሄንንም ቆረጡ፤ እጃቸው ግን ዘገየ። “ሲያነብ መስመር ይዘላል” የሚለው ጋ ሲደርሱ መቀሱ ቆመ።

አንዲት ልጅ ትዝ አለቻቸው። ጆሮዋ ላይ እርሳስ የምትሰካ፣ ተረት ስትናገር ክፍሉን ጸጥ የምታሰኝ፣ መጽሐፍ ሲሰጧት ግን ላብ የሚያጠምቃት። ወንበር ላይ አቁመው ሲያስነብቧት ከአንደኛው መስመር ሦስተኛው ላይ ትወድቃለች። አንድ ቀን፣ “ዛሬም ዘለልሽ? በቃ፣ ከእንግዲህ ስምሽ ዝላይ ነው” አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሁለቴ ሦስተኛ ክፍልን አስደገሟት። በሦስተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ቀረች። የቀረችበትን ቀን እንኳ አላስታወሱትም፤ ክፍሉ ሰላም እንዳገኘ ብቻ ነበር የተሰማቸው።

ከዚያ ሰዓት ወዲህ መምህሩ መቀመጫ አጡ። ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን። ሬዲዮ ከፍተው ዘጉ። ልጃቸው፣ “ምን ሆነህ ነው እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው?” ብትላቸው፣ “ምንም” አሉ። ትዝ ሊላቸው ያልቻለው ደግሞ የልጅቷ እውነተኛ ስም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስም ጠሪ ነበሩ፤ ስሟ ግን የለም። ዝላይ ብቻ።

እሁድ ጠዋት ጸጉራቸው ሳያድግ ጸጉር ቤት ሄዱ። ጸጉር ቆራጩ የዚያች ልጅ የክፍል ጓደኛ ነበር።

“ጋሼ፣ ምኑን ልቁረጥልዎ? ባለፈው ሳምንት አይደለም እንዴ የመጡት?”

“ዙሪያውን ንካ ንካ አድርግልኝ። ስማ፣ እዚያ ክፍላችሁ ውስጥ ዝላይ የምትባል ልጅ…”

“ዝላይ!” ሰውየው ሳቁን ለቀቀው። “እንዴት እረሳታለሁ! አሁን ሶፋ ሠሪ ሆናለች እኮ። ይቺን የተቀመጡባትን ወንበር ያለበሰችልኝ እሷ ናት። ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ነው ሱቋ።”

“ስሟ ማን ነበር?”

ጸጉር ቆራጩ ማበጠሪያውን ይዞ አሰበ። “እኔ እንጃ ጋሼ። ሁላችንም ዝላይ ነበር የምንላት። እርስዎ አይደሉም ያወጡላት?”

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አዩትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰኞ እለት ባዶ እጃቸውን መሄድ አልሆነላቸውም። ከምግብ ጠረጴዛው አንዱን ወንበር አነሱና በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ። መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ በሱቋ በር ሁለቴ አለፉ። ሦስተኛው ላይ፣ “አባት፣ ያን ወንበር ሲያዞሩት ሊውሉ ነው?” የሚል ድምፅ ከውስጥ ጠራቸው።

ገቡ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ መሬቱ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነው። ሴትዮዋ አንድ የተገለበጠ ሶፋ ሥር ተንበርክካ፣ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሯ ይዛ ትመታለች። ግድግዳው ላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ያላቸው ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ የየሶፋውን ልክ የያዘችባቸው ናቸው። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አንድም የለም።

ወንበሩን አገላበጠችው። “ወንበርዎ ምንም አልሆነም” አለች።

“ቢሆንም… ይታደስ።”

“እሺ፤ ደንበኛ ካለ ይታደሳል። ስምዎንና ስልክዎን እዚህ ይጻፉልኝ።” ደብተር ዘረጋችላቸው። ገጹ በሰው ሁሉ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ እሷ ራሷ የጻፈችው መስመር ግን አልነበረም። መምህሩ፣ “መምህር” ብለው ጀምረው ስማቸውን ጻፉ።

ሴትዮዋ ደብተሩን ልትዘጋ ስትል ዓይኗ ወደቀበት። ምስማሮቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች።

“ይቺን ‘መ’ አውቃታለሁ” አለች። “እግሯን እንደ መንጠቆ የሚቆለምማት አንድ ሰው ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ በቀይ ‘መጥፎ፣ መጥፎ’ ሲጽፉብኝ ሦስት ዓመት አይቻታለሁ። ሌላውን ፊደል ባላውቅ ይቺን አውቃታለሁ።”

መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጁት የመጡት ንግግር ከአፋቸው ጠፋ።

“ለወንበር አይደለም የመጡት።”

“አይደለም።”

“እና?”

“ሰነፍ አልነበርሽም” አሉ። “የማንበብ ችግር ነበረብሽ፤ ስም ያለው፣ የሚታወቅ ነገር ነው፤ አስተማሪ ካወቀበት መላ አለው። እኔ አላወቅሁም። አላወቅሁም ብዬም ዝም አላልኩም፤ ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ።”

“መቼ ነው ያወቁት?”

“ቅዳሜ።”

“ቅዳሜ!” ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ተቆረጠ። መዶሻዋን አንስታ አንድ ምስማር በሁለት ምት ቀበረች። “ይቅርታዎን ምን ላድርገው ታዲያ? ስፖንጅ አይደል ሶፋ ውስጥ አልጠቀጥቀው። ስሜን ያስታውሱታል?”

መምህሩ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። እሷም አልነገረቻቸውም። ሥራዋን ቀጠለች። መምህሩ ይውጡ ይቆዩ ጨነቃቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። በመጨረሻ እሷው ተናገረች።

“ሴት ልጅ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንደበቷ ማር ነው፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን እኔን ነው ቁርጥ። ወላጅ አምጪ ተብላ ሁለቴ ተጠርቼ ሁለቴ ቀርቻለሁ። እዚያ በር ጋ ስደርስ ዞሬ እመለሳለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ካልመጣሽ ወደ ሁለተኛ ክፍል እንመልሳታለን ብለውኛል። ይቅርታው የምርዎ ከሆነ ነገ አብረውኝ ይግቡና ለኔ ያሉኝን እዚያ ይድገሙት።”

“የትኛው ትምህርት ቤት?”

“የእርስዎው።”

የዚያ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር፣ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ኃላፊ፣ መምህሩ ራሳቸው ኮትኩተው ያሳደጉት ሰው ነው። ልጅ እንዴት እንደሚቀጣ፣ ክፍል እንዴት ጸጥ እንደሚል ያሳዩት እሳቸው ናቸው። እዚያ ገብተው ምን ሊሉ ነው?

“እመጣለሁ” አሉ። ድምፃቸውን ራሳቸውም አላመኑትም።

ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ነበሩ። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። እግሬ አውጪኝ ለማለት ትንሽ ነበር የቀራቸው። ሶፋ ሠሪዋ ልጇን በእጇ ይዛ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ጎን ለጎን ወደ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገቡ።

ዩኒት ሊደሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። “ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት? ይቀመጡ፣ እዚህ ይቀመጡ!” የራሱን ወንበር ሰጣቸው። ሴትዮዋንና ልጇን ሲያይ ግን ድምፁ ተለወጠ። “በመጨረሻ መጣሽ? ልጅሽ ሰንፋለች። ቃል አንብቢ ስትባል ከልቧ ትፈጥራለች። እንዲህ ያለውን እንዴት እንደምናደርግ ጋሼን ጠይቂያቸው፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩን።”

“ለዚያው ነው የመጣሁት” አሉ መምህሩ። አልተቀመጡም። “ያስተማርኩህ ስህተት ነበር።”

ዩኒት ሊደሩ ፈገግ እንዳለ ቀረ።

“ይቺን እናት ሦስት ዓመት አስተማርኳት። ወንበር ላይ እያቆምኩ አስነበብኳት። ዝላይ ብዬ ስም አወጣሁላት። ከትምህርት ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ሶፋ ገልብጣ ሠርታ የምትኖረው በኔ ትምህርት አይደለም፤ እኔን አምልጣ ነው። ልጇ የእናቷ ዓይነት ናት። ሰነፍ አይደለችም።”

“ጋሼ፣ ያኔ ጊዜው እንደዚያ ነበር…”

“ጊዜው አይደለም ስም ያወጣላት። እኔ ነኝ።”

የሴትዮዋ እጅ በልጇ ትከሻ ላይ ጠበቅ አለ። ዩኒት ሊደሩ ላቡን ጠረገ። “እሺ ይሁን። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለኝ። ለያንዳንዱ ለብቻው መምህር ከየት ላምጣ? እርስዎስ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?”

ጥያቄው እውነት ነበር። ያን ጊዜ ከኋላቸው መጥታ በሩ ላይ የቆመችው የልጅቷ አስተማሪ፣ ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ የሆነ ወጣት፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

“እኔ… ጥያቄውን በቃል አንብቤላት ፈትኛት ነበር። አንድ ጊዜ። ደብቄ። ከአሥር ዘጠኝ አገኘች። አይፈቀድም ብዬ ነው ያልተናገርኩት።”

“ዘጠኝ?” አለ ዩኒት ሊደሩ።

“አሥረኛውን ጥያቄ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄው ራሱ ልክ አልነበረም” አለች አስተማሪዋ።

ትንሿ ልጅ ሳቀች። ሶፋ ሠሪዋ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሬት መሬት ስታይ ነበር፤ ቀና አለች። “ስሜን መጀመሪያ ጻፉት” አለችና ስሟን ከነአባቷ ስም ጮክ ብላ ተናገረች። “ልጄ ወደ ሁለተኛ ክፍል አትመለስም። ሰው ፊት ተነሺና አንብቢ አትባልም። ፈተናው ይነበብላት። ሌላውን እየተነጋገርን እናየዋለን።”

መምህሩ ስሟን ያኔ ሰሙት። በልባቸው ሦስት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይጠፋቸው።

ዩኒት ሊደሩ እንዲሁ በዋዛ አልተረታም። ለአንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ፣ ለሙከራ፣ አለ። ደግሞም የሚረዳ ሰው ከተገኘ ነው አለ፤ ይህን ሲል ያየው መምህሩን ነበር። መምህሩም እሺ አሉ። ተሰባብረው የተጣሉ ዴስኮች የሞሉበት አንድ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተሰጣቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ትንሿ ልጅና ከሌሎች ክፍሎች የተመረጡ አራት ልጆች።

የመጀመሪያው ቀን ክስረት ነበር። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ሁለቱ ልጆች ተጣሉ። መምህሩ እንደ ድሮው “ዝም በሉ!” ብለው ሊያምባርቁ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ ግን አያውቁም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ግራ ገባቸው። ማታ ልጃቸውን ደብተር ይዘው ቁጭ አደረጓት። “በል እንግዲህ ጻፍ፣ ተማሪዬ” አለቻቸው። ፊደሉን በአሸዋ ላይ በጣት ማስጻፍ፣ ድምፁን በእጅ እያጨበጨቡ መቁጠር፣ ከሚነበበው መስመር በታች ያለውን በካርቶን መሸፈን፣ የተሳሳተን ልጅ አለማቻኮል። የመጨረሻው ከሁሉም ከበዳቸው።

ዓመቱ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ አራተኛ ክፍል አለፈች። ፈተናው ተነቦላት ነው ያለፈችው፤ ስታነብ አሁንም እንደ ቀንድ አውጣ ነው የምትሄደው። ከአምስቱ አንዱ ልጅ መምጣት አቁሟል፤ መምህሩ ቤቱ ድረስ ሁለቴ ሄደው አላገኙትም፤ ይሄ ያበሳጫቸዋል። በምትኩ ሌሎች ስድስት መጥተዋል፤ ዩኒት ሊደሩ ራሱ ነው ሦስቱን በእጁ ይዞ ያመጣቸው፤ አንዱ የወንድሙ ልጅ ነው። ሶፋ ሠሪዋ “ይቅር ብዬዎታለሁ” ብላ አታውቅም። መምህሩም ዳግመኛ አልጠየቁም። ሐሙስ ሐሙስ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ግን በሩ ላይ አትቆምም፤ ትገባለች፣ ተሰብሮ የነበረ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች፣ አሸዋውንም አንዳንዴ በጣቷ ትነካካዋለች።

አንድ ሐሙስ ትንሿ ልጅ አንድ ገጽ ይዛ ትታገል ነበር። መምህሩ አጠገቧ ተቀምጠው ቃሉን ሊነግሯት ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እንደምንም ራሳቸውን ይዘዋል። ልጅቷ ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ ተናገረች።

“አባባ፣ እግርዎን አያወዛውዙ። ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ፊደሎቹ ይሸሹብኛል።”

“እሺ” አሉ መምህሩ። ሁለቱንም ጉልበቶቻቸውን በእጃቸው ያዙና ጠበቋት።