የልብስ ስፌት ሞተር

ቨርሊን ክራንዳል መኪና ሲገዛ ሚስቱን አማክሮ አያውቅም፤ አርዲስም ምክር ሰጥታ አታውቅም። በትዳራቸው ውስጥ እንደዚህ ሰላም የሰፈነበት ጉዳይ አልነበረም። አሮጌው ፒክአፕ ሲደክም ቨርሊን ይዞት ይሄዳል፣ በአዲስ ለውጦ ይመጣል፣ አርዲስ በኩሽናው መስኮት አየት አድርጋ «ነጭ ነው» ትላለች፤ በቃ። ሁሌም ነጭ ነው። ሁሌም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁሌም ስታንዳርድ፤ ወንበሩ ላስቲክ፣ ወለሉ ላስቲክ፣ እበት ሲገባበት ውኃ ለቀውበት የሚያጥቡት።

ዘንድሮ ግን የፒክአፑ ካምቢዮ ከመሞቱ በፊት የአርዲስ ዳሌ ሞተ። በመጋቢት በብረት ተተካ። ሐኪሙ እጁ ይባረክ፣ ኩሽና ውስጥ እንደ ልቧ ትንጎራደዳለች፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ደረጃ ትወጣለች። ፒክአፕ ላይ መውጣት ግን አቃታት። የዚህ አገር ፒክአፕ በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል። ለምን እንደሚያድግ የጠየቀ የለም፤ ልጅም ያድጋል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ቨርሊን ባልተጨነቀ። ነገር ግን ከተጋቡ ጀምሮ ሁለቱ በየምሽቱ ከራት በኋላ ላሞቹን ለማየት በመኪና ይወጣሉ። ላሞቹ ይዩኝ አላሉም። አርዲስ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ያቺ ጥቁሯ ከስታለች» ትላለች፤ ቨርሊን «አልከሳችም» ይላል፤ ትንሽ ይከራከሩና ይመለሳሉ። ከመጋቢት ወዲህ «አንተ ሂድ፣ እኔ ዕቃ ላጣጥብ» ማለት ጀመረች። አሁን ወንበሯ ላይ የከብት ክትባት ሣጥን ተቀምጧል። ጥቁሯ ላም ዘንድሮ በእውነት ከስታ ነበር፤ ቨርሊን ግን የሚከራከረው ሰው አጣ። ይህ ቤቱን ባዶ አደረገበት።

ኋላ ካምቢዮውም ሞተ፤ መኪና መሸጫው ውስጥ ብሮዲ የሚባለው ሻጭ ገና ከበር ተቀበለው።

«ሚስተር ክራንዳል፣ እንደ ድሮው ነዋ! ነጭ፣ ስታንዳርድ፣ ባለ ስምንት። ጓሮ ቆሞ እየጠበቀዎት ነው።»

«በሩ ሲከፈት ራሱ የሚወርድ መወጣጫ ያለው የትኛው ነው?» አለ ቨርሊን፣ ጣራ ጣራውን እያየ።

«ለእርስዎ?»

«ለሰው።»

ብሮዲ ወደ አንድ ቡናማ መኪና ወሰደው። ፉል ኦፕሽኑ ነው። «ሮያል ራንች» የሚል የብር ጽሑፍ ጎኑ ላይም ኋላውም ላይ ተለጥፎበታል፤ ስሙን ያወጣው ሰው ላም አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ በክረምት ይሞቃል፣ በበጋ ይቀዘቅዛል፣ ሲፈልግ ጀርባ ያሻል። ቨርሊን በሩን ሲከፍተው ከሥር መወጣጫው ቀስ ብሎ ወጣና ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ።

«ባለ ስምንት ነው?»

«ይሄኛው ላይ ስምንቱን ማምጣት አቁመዋል። ባለ ስድስት ቱርቦ ብቻ ነው። ግን ይመኑኝ፣ ተጎታች ሲስብ ከስምንቱ በጉልበት—»

«ቀስ ብለህ አውራ» አለ ቨርሊን፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የቨርሊን አፍ ደግሞ ወለም ካለው ቆይቷል። የከተማቸው የካርቨር ገበሬዎች ጠዋት ጠዋት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ውስጥ፣ ከመኖ ጆንያው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና ይጠጣሉ። ከዓመታት በፊት ጎረቤቱ ደልመር ኡሊግ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ፣ ባለ ስድስት ቱርቦ ገዝቶ ብቅ አለ። ቨርሊን ሞተሩን ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠና «ደልመር፣ ይሄ ነገር ሱሪም ይሰፋል?» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የደልመር ስም «ልብስ ሰፊው» ሆኖ ቀረ። ቁልፍ የረገፈበት ሁሉ ቁልፉን አምጥቶ ደልመር ፊት ያስቀምጣል። አንድ የገና ሰሞንም ቨርሊን ጥቅል ክር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶታል። ደልመር ክሩን ኪሱ ከቶ ቡናውን ጠጣ።

ስለዚህ ቨርሊን ጓሮ ወደ ቆመው ነጭ ፒክአፕ ሄደ። ከመጡባት የቤት መኪና ኋላ የመኖ ባልዲ አወጣ፣ ነጩ በር ሥር ደፋው፣ የቤት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቀውን አርዲስን ጠራት።

«እስቲ በዚህ ውጪ።»

አርዲስ ባልዲውን አየች፤ ባሏን አየች።

«ቨርሊን፣ እኔ ጥጃ ነኝ?»

«ለጊዜው ነው። ኋላ የብረት መወጣጫ እበይድበታለሁ።»

ሞከረች። አንድ እግሯን ባልዲው ላይ አደረገች፣ የበሩን እጀታ ያዘች፣ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ወረደች። ቀሚሷን አራገፈችና፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ «ግዛው፣ ግድ የለም። አንተ ሂድ» አለችው።

ቨርሊን ቢቆጡት ይመክታል። ይህችን «አንተ ሂድ» ግን መመከት አልቻለም። ቡናማውን ገዛ።

ቤት እንደ ደረሰ መኪናውን ጎተራ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። የአርዲስን ፀጉር ማድረቂያ ይዞ «ሮያል ራንች» የሚለውን ጽሑፍ ሙጫው እስኪለሰልስ አሞቀ፤ ከዚያ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ እየገዘገዘ አንድ በአንድ ፊደሉን አነሳ። የሞተሩንም ዓርማ እንዲሁ። አርዲስ ራሷን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ አለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ላጥበው ብዬ።»

«በፀጉር ማድረቂያዬ?»

«አጥቤ ሳደርቀው።»

አርዲስ ማድረቂያዋን ተቀብላው ሄደች። ቨርሊን ፊደሎቹን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስም ከሌለው ማን ያውቀዋል ብሎ አሰበ፤ ተኝቶም ደህና አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት የከብት ጨው ሊገዛ ሲነሳ አርዲስን ኮቷን ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማ አገኛት። «እኔም እመጣለሁ» አለች። ከመጋቢት ወዲህ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ቨርሊን ለዚህ ቀን ማስቀሪያ ሰበብ አዘጋጅቶ ነበር፣ ፊቷን ሲያይ ግን ጠፋበት።

ሱቁ ጋ ሲደርሱ ከሁሉም ርቆ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አድርጎ አቆመ። ሁሉን አስቦ ነበር፤ ጽሑፉን፣ ዓርማውን፣ ማቆሚያውን። መወጣጫውን ረሳው። አርዲስ በሯን ስትከፍት መወጣጫው ወረደ፤ ከሥሩም መብራት በራ። እሷም በርጋታ ረግጣ ወረደችና ሰዎቹን ሰላም ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ከመስኮቱ ጀርባ ቡና የያዙ እጆች ሁሉ ቆሙ።

ወጥተው ከበቡት። ከጠረጴዛው ሽማግሌ የሆነው ሐርም መጀመሪያ አፉን ከፈተ።

«ቨርሊን፣ ቀይ ምንጣፉስ?»

«የሚስቴ ዳሌ ነው» አለ ቨርሊን።

«ዳሌ መች ሞተር ይመርጣል? እስቲ አስነሳው።»

አስነሳው። ሰዎቹ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሞተሩ ምንም አይልም ማለት ይቻላል።

«ሱሪም ይሰፋል?» አለ ሐርም፤ ሳቁ ከግቢ ግቢ ተሰማ። ሐርም ከሸሚዙ አንድ ቁልፍ በጥሶ በመዳፉ ያዘና ወደ ደልመር ዞረ። ተራው የሱ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት የጠበቀ ሰው የሚለውን ለመስማት ሁሉም ተጠጋ። ቨርሊንም ወንድ ነኝ ብሎ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ።

ደልመር መኪናውን አንዴ ዞረው። መወጣጫውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ሎይስም ትወደው ነበር» አለ።

ሎይስ ሚስቱ ነበረች፤ ከሞተች ቆይታለች። የዚያ ጠረጴዛ ሰዎች ሁሉ ሬሳዋን ተሸክመዋል፤ ቨርሊንም አንዱ ነበር።

«ከስኮትስብላፍ ከተማ፣ ከሕክምናው ስንመለስ፣ ትንሽ ድምፅ ራሷን ይፈልጣት ነበር። አሮጌው ስምንቱ ሲያጓራ መንገዱን ሙሉ ታለቅሳለች። ይሄ ስድስቱ ዝም ይላል። እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።»

ሐርም ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቨርሊን ያን የገና ክር አስታወሰ፤ ሎይስ ፀጉሯ አልቆ ሻርፕ ማሰር የጀመረችበት ገና ነበር። አፈረ። መግቢያ ቀዳዳ አጣ።

«ለምን አልነገርከንም፣ ደልመር?»

«እየሳቃችሁ ነበራ» አለ ደልመር። «እስክትጨርሱ ብዬ።»

ብሎም ቡናው እንዳይቀዘቅዝበት ወደ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ቨርሊን ሙጫ ይዞ ጎተራ ገባ። ዓርማውንም ጽሑፉንም ወደ ቦታው መለሰ። ዓይኑ ስለደከመ «ራንች» የሚለው ወደ ታች ተንጋዷል። አርዲስ ከራት በኋላ ልትሳፈር ስትመጣ ቆም ብላ አየችው።

«ተጣሟል።»

«ይታያል ግን» አለ ቨርሊን።

መወጣጫው ወረደ፣ አርዲስ ወጣች። የክትባት ሣጥኑ ከኋላ ነው። ግጦሹ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ መነሣቱ እንኳ ስለማይሰማ ላሞቹ ሲግጡ ይሰሙ ነበር። አርዲስ መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«ያቺ ጥቁሯ ከስታለች።»

«አዎ፣ ከስታለች» አለ ቨርሊን።

አርዲስ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችው።

«አመመህ እንዴ?»