የማይከፈተው የአሻንጉሊት ቁምሳጥን

በጃንሆይ ዘመን፣ ሰበታ ገበያ አጠገብ፣ ስንዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጇ ድንቅቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረቻት። የአሻንጉሊቷ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ፍራሽና ትራስ ከስፌት መኪናው ሥር እስከ አልጋው ድረስ ተዝረክርኮ ይውል ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ ሮማነወርቅ ያሰፉትን ቀሚስ ቤታቸው ወስደው ቢዘረጉት፣ አውራ ጣት የምታህል ትራስ ዱብ አለች። ይዘዋት ተመለሱ።

«ስንዱ፣ ይቺ ለእኔ ራስ አነሰች» ብለው ሳቁ። ስንዱ ግን በሀፍረት ተቃጠለች።

በማግስቱ አናጢው ኦቦ ቀጄላ ዘንድ ሄዳ የአሻንጉሊቷን ዕቃ ማስቀመጫ ቶሎ እንዲሠሩላት ለመነቻቸው። እሳቸውም ከመናገሻ በመጣ ጥድ ትንሽ ቁምሳጥን ሠሩላት፤ በርና የልብስ መስቀያ ያለው፣ ከሥሩም ለመኝታው ዕቃ መሳቢያ ያለው። ድንቅቱ ቀሚሶቹን ሰቀለች፤ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አጣጥፋ መሳቢያው ውስጥ ከተተች። ቤቱም ቤት መሰለ።

ሐምሌ ሲገባ መሳቢያው አልከፈት አለ። በሩም ተከተለው። ድንቅቱ ጎተተች፣ ስንዱ ጎተተች። ሳሙና ቀባችው፣ በቢላ ጫፍ ልትፈለቅቀው ሞከረች። በመጨረሻ እጀታው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ በርዷታል እኮ! ብርድ ልብሷ እዚያ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በጥርሴ ልንከሰው?»

በጭቃው እየተንሸራተተች አናጢው ዘንድ ሄደች።

«እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። መስከረም ሲጠባ ራሱ ይለቃል» አሏት።

«ክፍተት ሳይተዉለት ሠርተውት ነዋ!»

«አንቺስ ቶሎ ቶሎ ብለሽ አላጣደፍሽኝም?»

እውነታቸውን ነበር፤ ስንዱን ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ቤት ስትደርስ ድንቅቱ መቀስ ይዛ ተቀምጣለች። አሻንጉሊቷ አበባ ያለው አዲስ ብርድ ልብስ ለብሳለች። ጨርቁ ጎረቤታቸው ያለምወርቅ እንዲሰፋላት የሰጠችው ቀሚስ እጅጌ ነበር።

«ኧረ በማርያም!» ስንዱ ልጇን አልመታችም። መዶሻ አነሳችና ቁምሳጥኑን በፊቱ ደፍታ የጀርባውን ጣውላ ገነጠለችው። የሻጋታ ሽታ ወጣ። ብርድ ልብሱ በነጠብጣብ ተሞልቷል። ድንቅቱ አለቀሰች፤ እናትየዋም ለማልቀስ ምንም አልቀራትም።

ሁሉንም አጥባ ምድጃ ዳር አደረቀች። የያለምወርቅንም ቀሚስ ሁለቱን እጅጌ አሳጥራ ሰጠቻት። «በክረምት አጭር እጅጌ?» አለች ያለምወርቅ፤ አኩርፋ ወስዳው ሄደች።

ኦቦ ቀጄላ ጸጸት ገብቷቸው ኖሮ መላጊያ ይዘው መጡ። ድንቅቱ በተገነጠለው ጀርባ በኩል ልብሶቹን እየደረደረች ነበር።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ ይሄ? አምጪው ላስተካክለው።»

ልጅቷ ቁምሳጥኑን አቀፈችው። «አይንኩብኝ ኦቦ! አሁን ገና ተከፈተ።»

አናጢው ወደ ስንዱ ዞሩ። እሷ ከመኪናዋ ቀና ሳትል «ይተዉላት፣ በእግዜር» አለች፣ «እኔም ደክሞኛል።»