የዋርፋ ግራ እጅ

"ግመሎቹን እንሽጣቸው ወይ፣ ዋርፋ? ሰው እየሰማ ተናገር" አለ ሒርሲ።

"እሺ" አለ ዋርፋ።

"ይኸው ሰማችሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።"

ገዢው ዓዋሌ ግን ለመስማማት እጁን አልዘረጋም። በሐርጌሳ የግመል ገበያ ከዋርፋ ጋር ሠላሳ ዓመት ተገበያይቷል፤ ዋርፋ በአንድ ጥያቄ እሺ ያለበትን ቀን አያስታውስም።

ዋርፋ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስትሮክ ከመታው ሁለት ወሩ ነው፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋድሟል። ታናሽ ወንድሙ ሒርሲ ስድስቱን ግመሎች ሸጦ ለሕክምና ሕንድ ሊወስደው ቆርጧል። ሒርሲ ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ወንድሙን ያጠበውም ያጎረሰውም እሱ ነው።

የዋርፋ ልጅ ሂባቅ ነርስነት ትማራለች። ሽያጩን ሰምታ ስትሮጥ ደረሰች፤ የአባቷን የራስ ምርመራ ፊልም በክንዷ አቅፋለች።

"አጎቴ፣ ያቺ ቃል ፈቃዱ አይደለችም" አለች እያለከለከች። "አፉ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ስሙን ብትጠይቀውም እሺ ነው የሚልህ።"

"ስምህ ማነው፣ ዋርፋ?" አለው ሒርሲ።

"እሺ።"

ከተሰበሰቡት አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፍሮ አቀረቀረ። ዋርፋ ዓይኑን ወደ ግመሎቹ መለሰ።

"እንግዲያው አእምሮው ሄዷል ማለት ነው" አለ ሒርሲ ቀስ ብሎ። "አእምሮው ለሄደ ሰው የሚወስንለት ወንድሙ ነው።"

ሂባቅ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሣችው።

"አንጎል አንድ ድፍን ነገር አይደለም፣ አጎቴ። የኋላው ክፍል ያያል። ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛን ይጠብቃል፤ ይኸው ሳይደገፍ ተቀምጧል። ከሥር ያለው ግንድ ትንፋሹንና ልቡን ይዟል። ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የሰማውን ይረዳል፤ ከፊት ያለው ይመዝናል፣ ይወስናል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ናቸው።" ጣቷ ፊልሙ ላይ ባለች ጥቁር ጥላ ላይ ቆመ። "የሞተው ይኼ ነው፤ በግራ በኩል፣ ቃል የሚያወጣውና ቀኝ እጁን የሚያዘው።"

"እንደ እርድ ግመል ነው እንዴ የምትከፋፍይው? ሻኛው ለአማት፣ ጎድኑ ለጎረቤት?" አለ ሒርሲ። የሳቀ ግን አልነበረም። "ይረዳል ትያለሽ፤ እኔ በምን ልወቅ?"

ሂባቅ የዓዋሌን የትከሻ ጨርቅ አየች።

"እንደ ገበያው ወግ በእጁ ጠይቁት። ግራው ደኅና ነው።"

እዚህ ገበያ የግመል ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዢና ሻጭ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ጣት መጭመቅ ዋጋ ነው፣ መዳፍ መጨበጥ ስምምነት፣ እጅ መሳብ እምቢታ።

ዓዋሌ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብሎ የዋርፋን ግራ እጅ ያዘና ጨርቁን በሁለቱ እጆች ላይ ጣለ። ጨርቁ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"እሺ" አለ የዋርፋ አፍ። እጁ ግን ከጨርቁ ሥር ወጣ።

ዓዋሌ እጁን መልሶ አስገባና ዋጋ ጨመረ።

"እሺ፣ እሺ" አለ አፉ። እጁ አሁንም ወጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ጨርቁን አብሮ ጎተተው። ዓዋሌ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ያው ዋርፋ ነው" አለ። "በእንዲህ ያለ ጥሩ ዋጋ እምቢ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።"

ሒርሲ የወጣውን እጅ አየ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ባለፈው ወር..." አለ። "ዱልሚን ልሽጣት ወይ ብዬው እሺ ብሎኝ ነበር።"

ግመሏን ዱልሚን ዋርፋ በእጁ ነው ያሳደጋት፤ እናቷ በድርቅ ስትሞትበት የራሱን ልጆች ወተት አካፍሎ። የተሸጠች ዕለት ምሽት እህል አልቀመሰም። ሒርሲ ሕመሙ ነው ብሎ በግድ ሊያጎርሰው ታግሏል።

ሒርሲ ከዓዋሌ ጨርቁን ተቀበለና ወንድሙ እግር ሥር ተቀመጠ። የዋርፋን ግራ እጅ በሁለት እጁ ይዞ በጨርቁ ሸፈነው።

"ዱልሚን ስሸጥ በሕይወት እያለህ ወረስኩህ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።"

"እሺ" አለ ዋርፋ።

ሒርሲ ያንን እንደ መልስ አልቆጠረውም። ዓይኑን ጨርቁ ላይ ተክሎ ጠበቀ። የዋርፋ እጅ አልተሳበም፤ አልጨበጠምም።

"ግመሎቹን ፍቺያቸው" አላት ሂባቅን ዞር ሳይል። "ወደ ቤት ውሰጃቸው። እጁ እስኪመልስልኝ እኔ እዚህ ነኝ።"