ለአንድ ሰው እራት

ዩስሌይዲ የተግባር ልምምዷን ልትጨርስ አንድ ቀን ሲቀራት የሞተ ሰው አስነሣች።

በኩባዋ ፒናር ዴል ሪዮ ከተማ ትምባሆ የሚጠቀልሉ ሰዎች እጃቸው ሲሠራ ጆሯቸው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ በፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊት ለፊታቸው፣ ከፍ ያለ መድረክ አለ። እኔ ከዚያ ላይ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልቦለድ እያነበብኩላቸው አርጅቻለሁ። መጽሐፉን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ አንባቢውንም እንዲሁ። በተለማማጅ አንባቢ ላይ መፍረድም የኔ ሥራ አይደለም። ንባቧን ከወደዱ በቅጠል መቁረጫ ብረታቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ ካልወደዱ ብረቱን መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ለማለፏ የሚቆጠረው የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ በታኅሣሥ ጡረታ እወጣለሁ፤ ዩስሌይዲ ደግሞ ያንን መድረክ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪዋ አብልጣ ትፈልገው ነበር።

የምታነብላቸው የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስትን ታሪክ ነበር። ባሏ ማዕበል ሳለ ወጥቶ ይቀራል፤ እሷ መጽሐፉን ሙሉ ትጠብቀዋለች። በመጨረሻው ገጽ የጀልባው ስብርባሪ ይገኛል፤ ሴትየዋም ቤቷ ገብታ ለአንድ ሰው እራት ትሠራለች።

መጽሐፉን ያስመረጠችው ትምባሆ ከሚጠቀልሉት አንዷ፣ ኤኔይዳ ናት። መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። አጠገቧ ያለው ወንበር የባሏ የፌርሚን ነበር። ፌርሚን በግንቦት ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።

ዩስሌይዲ መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ኤኔይዳን አየቻት። ዓይኗን ወደ መጽሐፉ መለሰችና የሌለ ነገር አነበበች። ባልየው በሌላ መርከብ ተርፎ፣ ጢሙ አድጎ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

ከዚያ አንድ መቁረጫ መሬት ላይ ወደቀ። ከመስኮቱ ሥር ነበር። ሌሎቹም ተከተሉ።

«ሰው ከባሕር ካስነሣሽማ» አለ ሽማግሌው ኡባልዶ፣ ጎንበስ ብሎ ብረቱን እየፈለገ፣ «በየቀኑ የሚጠፋብንን መብራትም አምጪልን። እግረ መንገድሽን የኔን ጥርስ።»

አንዳንዶች ሳቁ። ኤኔይዳ አልሳቀችም።

ዩስሌይዲን የትምባሆ ቅጠል መጋዘኑ ውስጥ አገኘኋት።

«አሳዘነችኝ» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እንዴት ብዬ ፊቷ ላይ ያንን አነባለሁ? እርስዎ ያነቡት ነበር?»

«አነበው ነበር።»

«ልብዎ ጠንካራ ነው።»

ባሌ በተቀበረ ማግስት ጋዜጣውን፣ የአየር ትንበያው ሳይቀር፣ አንብቤላቸዋለሁ። ይህን ለእሷ መንገር ግን አላስፈለገም። «ሂጂና ራሷን ጠይቂያት» አልኳት።

ተከትያት ሄድኩ። ኤኔይዳ ቅጠል እየዘረጋች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ይህን መጽሐፍ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ እዚሁ ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ። መጨረሻው ሲነበብ አለቀስኩ፤ ፌርሚን ሳቀብኝ። ‹አንቺ ብትሆኚ ለሁለት ሰው ሠርተሽ ብቻሽን ትጨርሽው ነበር› አለኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ ኤኔይዳ።»

«ቆዪ። ሰው ሁሉ ቤቴ እየመጣ አይዞሽ፣ ያልፋል ይለኛል። ለሁለት ሰው የለመድኩት ሩዝ እንዴት እንደሚቀነስ ግን የነገረኝ የለም። ያቺ የመጽሐፉ ሴትዮ ታውቀዋለች ብዬ እሷን ስጠብቅ ከረምኩ። አንቺ ባሏን መልሰሽ አመጣሽባት።»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ ከሆነ፣ የኔ ባል አልመጣም።»

በማግስቱ፣ በመጨረሻው ቀን፣ መብራት ጠፋ። የድምፅ ማጉያው አይሠራም። ዩስሌይዲ መጽሐፉን ይዛ ከመድረኩ ወረደች፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፋ ከፌርሚን ወንበር ኋላ ቆመች። አልተቀመጠችበትም።

«ትናንት ያነበብኩት መጽሐፉ ውስጥ የለም። የራሴ ነው» አለች። ከዚያ ገጹን ገለጠች።

ሴትየዋ ከባሕሩ ዳር ተመለሰች። እሳት አነደደች። እጇ እንደለመደው ከከረጢቱ ሁለት እፍኝ ሩዝ ዘገነና አንዱን መለሰ። መልሶም እዚያው ሩዙ ውስጥ ቆየ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል።

ማንም አልመታም፤ ማንም አልጣለም። ሁሉም ወደ መስኮቱ ያያል። ኤኔይዳ የጀመረችውን ጠቅልላ ጨረሰች፤ ጫፉን ቆረጠች፤ ከሌሎቹ ጎን አስተካክላ አኖረችው። ከዚያ መቁረጫዋን አገላብጣ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታች። የሌሎቹ ምት ተከተላት፤ ግን ዝግ ያለ ነበር፣ የባልደረባ ሞት ሲነገር እንደሚመቱት።

«ጥርሴ ቀረ ማለት ነው» አለ ኡባልዶ ለራሱ።

ስንወጣ ዩስሌይዲ ክንዴን ያዘችኝ። ደስታ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«አለፍኩ?»

«አለፍሽ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይከብዳል?»

ይህን ጊዜ ኤኔይዳ ቦርሳዋን አንግታ ደረሰችብን። ስንት ዓመት አንድ አዳራሽ ውስጥ ስንኖር ስለ ባሌ ጠይቃኝ አታውቅም።

«አንቺስ» አለችኝ፣ «ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ምኑ?»

«ሩዙ።»

ዩስሌይዲ ወደኔ ዞረች።

«አሁንም ይተርፈኛል» አልኩ።