የአንቀልባው ተረብ

አረጋሽ የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ወደ ዳሱ ጫፍ ስትሄድ፣ እህቷ ሸዋረጋ በዓይኗ አስቆመቻት። ለዚያ ልጅ አትስጪው ማለቷ ነበር።

በሺር ነው፤ የሸዋረጋ ልጅ የሟቹ የፈንታሁን ጓደኛ። ከቀብሩ ጀምሮ ካፊያው የሚደርስበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ገባ በል ቢሉት አይገባም። ዛሬ ሣልስት ነው፤ “ልጄን የበላው የዚህ ስድብ ነው” እያለች ሸዋረጋ ስታለቅስ የሆጤ ሰፈር ሁሉ ሰምቷል።

ሸዋረጋ ደመና ባየች ቁጥር ጎርፍ፣ ልጇ ባስነጠሰ ቁጥር መቃብር የሚታያት ሴት ናት። ፈንታሁን በሞተበት ቀን ጠዋት ሁለቱ ጓደኛሞች ጣልያን በሚያሠራው የኮምቦልቻ መንገድ ድንጋይ ሊፈልጡ ሲነሱ፣ “ገደሉ ርሷል፣ ዛሬስ ቅር” ብላ የፈንታሁንን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች። በሺር ከደጃፍ ሳቀ።

“ይተዉት እትዬ፤ በአንቀልባ አዝለውት ይዋሉ።”

ፈንታሁን ጋቢውን ቀስ አድርጎ ከእጇ አስለቀቀና ወጣ። ከሰዓት በኋላ ገደሉ ተናደ።

ድሮም በሺር ለምን ያዋርድሃል እያለች ልጇን ትቆጣው ነበር። እሱ ይስቅባታል። “ተረብ እኮ ነው እማዬ። ሰው የሚተርበው የሚወደውን ነው። ደግሞ መልሱን ሳትሰሚ አትቀየሚ።”

አሁን አረጋሽ ጎንበስ ብላ ለእህቷ አንሾካሾከችላት። አፈሩን ቆፍሮ ሬሳውን ያወጣው በሺር ነው፤ እጁን አይተሽዋል ወይ አለቻት። ሸዋረጋ አየች። አሥሩም ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች።

“ያን ለት ምን ብሎ መለሰልህ?”

በሺር ቀና አላለም። ፈንታሁን ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ሲስቅ እንደነበር ነገራት።

“‘የእናቴ አንቀልባ ሰፊ ነው፤ ሲደክምህ አንተንም ታዝልሃለች’ አለኝ። እኔ… እኔ ገደሉ ሲናድ ገና የምመልስለትን እያሰብኩ ነበር፣ እትዬ።”

ሸዋረጋ ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ነጠላዋን ገፍፋ ጀርባው ላይ ጣለችለትና ጫፎቹን ደረቱ ላይ አገናኝታ አሰረች። ከዚያ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ ታደርገው ጀመር።