አንገት ላይ የዋለ ካንዴላ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተም በር ላይ ቆመህ ብርድ አታስገባብን፣ ና ተቀመጥ። ስለ አንድ መካኒክ ላወጋችሁ ነው።

ሰዎች አባ ጆሮ ይሉት ነበር። ሞተሩ የሚያነክስ መኪና ሲመጣለት ረጅም ካቻቢቴ ያወጣል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «አራተኛው ነው የሞተው» ይላል። ሲፈታ እውነትም የአራተኛው ሲሊንደር እሳት መጫሪያ፣ ካንዴላው፣ ጠቁሮ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጆሮ ነበረው።

ምላሱ ግን ክፉ ነበር። ለጋራዡ አንድ ደንብ አወጣ፦ ብልሽቱን አሳስቶ የተናገረ ሠራተኛ የተቃጠለ ካንዴላ በሲባጎ አንገቱ ላይ ይታሰርበታል። ደንበኛ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ፣ አያወልቀውም። የሚፈታለት ያሰረው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጋራዡ ሲዘጋ። አባ ጆሮ የካንዴላ ገመድ አንድ በአንድ እየነቀለ የሚፈትሽ ሰው ካየ ደግሞ «ተወው፣ የደንቆሮ ሥራ ነው» ይል ነበር።

ከሠራተኞቹ አንዱ ኋላ የሴት ልጁ ባል ሆነ። ይህ ሰው ገና አማች ሳይሆን አንድ ቀን ተሳሳተ። አባ ጆሮ አሰረበት። ማታ በር ሲዘጋ ሳይፈታለት ሄደ። «ረሳሁት» አለ በማግስቱ፤ አልረሳውም ነበር። ወጣቱ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ፣ ካንዴላውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ የታመመች እናቱ ዘንድ ሄደ። «ምንድን ነው ልጄ ያንጠለጠልከው?» አለችው። ሳይነጋ ሞተች። አባ ጆሮ ይቺን ታሪክ ሠርጉ ላይ ሳይቀር እያወራ እንግዳ ያስቅባት ነበር። አማቹም አብሮ ፈገግ ይላል።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሰባት ዓመት አለፈ። የአባ ጆሮ ጆሮ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ጠፋው፣ ከዚያ ወፍራሙ። ሰው ሲያወራ ከንፈሩን እያየ ይመልሳል። ለማንም አልተናገረም። አባ ጆሮ ካልሰማ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?

አንድ ጠዋት የዳቦ አመላላሹ ፒካፕ መጣች። አሮጌ ናት፤ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ሞተሩ ሳይጠፋ አማቹ ኮፈኗን ከፈተና በየሲሊንደሩ የጭስ መውጫ ቱቦ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ አደረገ። እሳት ያለበት ቱቦ ላይ ውኃው ቸስ ይላል፤ የሞተው ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። አባ ጆሮ ይህን በቢሮው መስኮት አየው። የሞተው የትኛው እንደሆነ አማቹ እንዳወቀ ገባው።

«አባ ጆሮ» አለ ባለ ዳቦው፣ «ይቺ አሮጊት በአራት እግሯ እንቢ ብላ በሦስት ታነክሳለች። ይስሟት እስቲ።»

ሠራተኛው ሁሉ ከበበ። አባ ጆሮ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አደረገ። ባዶ እንስራ ውስጥ እንደገባ ንፋስ፣ ሁሉም ጋ ያው እምምም ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ልዩነት የለውም። ላብ አጠመቀው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ቢነቅል በሁለት ደቂቃ ያገኘዋል፤ ሲነቀል ሞተሩን ምንም የማይለውጠው እሱ ነው ሙቱ። ግን የደንቆሮ ሥራ ነው ብሏል፣ ያውም በገዛ አፉ።

ቀና ሲል አማቹ ከሞተሩ ወዲያ ማዶ ቆሟል። አባ ጆሮ በሕይወቱ ሰው ለምኖ አያውቅም፤ ያን ቀን በዓይኑ ለመነ። አማቹ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና መኪናዋ ጎን ላይ ሦስት ጣቱን ዘረጋ።

«ሦስተኛው ነው» አለ አባ ጆሮ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?» አለ አማቹ።

«ጆሮዬን ልትፈትን ነው?»

«ኧረ በጭራሽ። ለደንበኛው ብለን እንየው ብዬ ነው።»

የሦስተኛውን ገመድ ነቀለ። ሞተሩ ተንገዳግዶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ሦስተኛው ደህና ነበረ። መለሰው። አንደኛውን ነቀለ፣ ተንገዳገደ። ሁለተኛውን ሲነቅል ግን ምንም። ሞተሩን አጥፍቶ የሁለተኛውን ካንዴላ ፈታ። ጥላሸት መስሎ በቤንዚን ርሷል።

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ቁጥር ረሳ እንዴ?» አለ የጋራዡ ቀለም ቀቢ።

«ደንቡ ለባለ ደንቡ አይሠራም ይሆናላ» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። አባ ጆሮ የተከፈቱትን አፎች ያያል። ድንገት አፎቹ ሁሉ ተዘጉ። ለምን እንደሆነ ያወቀው ኋላ ሲነገረው ነው፤ አማቹ ከጀርባው ቆሞ «አባባ፣ አይሰሙም አይደል?» ብሎ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። አባ ጆሮ ግን አልዞረም።

አማቹ ወደ ፊቱ መጣና ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። አሮጌ ሲባጎ ነው፣ ቅባት የጠጣ። አባ ጆሮ አወቀው። አማቹ ያኔ የታሰረበትን ሲባጎ ሰባት ዓመት ሙሉ አስቀምጦታል። እርጥቡን ካንዴላ አስሮ፣ ዘውድ እንደሚጭን ሰው በሁለት እጁ፣ ቀስ ብሎ አጠለቀለት።

ሲመሽ አባ ጆሮ በሩ ላይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። አማቹ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ፊት ፊት ሄደ። መኖሪያቸው አንድ ቤት ነው።

ልጁ ሾርባ እያቀረበች አየችው። «አባዬ፣ ማነው ይሄን ያሰረብህ?»

«ፍቺልኝ ልጄ» አለ።

መቀስ አመጣች። ባሏ ከሳህኑ ቀና ሳይል «እናቴም መቀስ ነበራት» አለ።

ልጅቷ መቀሱን እንደያዘች ቆመች። ሠርጓ ላይ ያ ታሪክ ሲወራ እሷም ስቃ ነበር። አባቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ መቀሱን መሳቢያው ውስጥ መልሳ ዘጋችው።

አባ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ሾርባውን መጠጣት ጀመረ። ጎንበስ ባለ ቁጥር ካንዴላው የሳህኑን ጠርዝ ይመታል፤ ቂው፣ ቂው፣ ቂው። ባልና ሚስቱ እየሰሙት በሉ።

ያን ድምፅ እሱ አልሰማውም ልጆቼ። እናንተ እንኳ አስታውሱለት፣ አደራ።