ደጋግመሽ ርገጪ

«ደጋግማ ረግጣለች» አሉ ጋሼ፣ ገና ወንበር ላይ ተደላድሎ ላልተቀመጠው እንግዳ። «ፍሬኑ ነው የከዳት እንጂ እሷ አልደነገጠችም። ይኸው፣ አብራት የነበረችውን ጠይቃት። ያስተማርኳትን አልረሳችም ልጄ።»

ይህን ባሉ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። የሚያደርጉትን የሚያውቁት አይመስሉም። ጉልምስናቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ፈላጊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለቅሶ ከደረሰው ሰው ግማሹ ተማሪያቸው ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠው የልጃቸው ባል እግራቸውን ያያል። ከቀብሩ ወዲህ የሰው ፊት ማየት ስለከበደው እግር እግር ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ማን እንደመጣ ባያውቅም የማን ካልሲ እንደተቀደደ አሳምሮ ያውቃል። ፋርማሲስት ነው። ሰው እጁን ጨብጦ «በርታ» ሲለው አንገቱን ይነቀንቃል። አንዲት ሴትዮ እጁን አልለቅ ብላ ስትንሰቀሰቅበት «ከምግብ በኋላ» ሊላት አፉ ላይ ደርሶ መልሶታል። እንባ የለውም። ንዴትም የለውም፤ ይህኛው ነው የሚያውቁትን ያስፈራቸው። በደህናው ቀን ሰልፍ አቋርጦ ከገባ ሰው ጋር ሰልፉ እስኪያልቅ የሚሟገት፣ ከዚያም ቤቱ ገብቶ ሙግቱን ለሚስቱ እንደገና የሚጀምርላት ሰው ነበር። አሁን ሬዲዮው እንደተነቀለ ቤት ጭጭ ብሏል።

ሚስቱ አዋላጅ ነበረች። ክንዷ ታስሮ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጓደኛዋም አዋላጅ ናት። ከአዳር ሥራ ወጥተው የሆስፒታሉን ቁልቁለት ሲወርዱ ነው ፍሬኑ እምቢ ያለው። ጓደኛዋ ከክንዷ ስብራት በቀር ደህና ነች። ጋሼ ከቀብር እንደተመለሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ረገጠች?»

«ረገጠች ጋሼ። ቶሎ ቶሎ፣ ደጋግማ። ‹አባዬ፣ አባዬ› እያለች።»

ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው የተነፈሱት። ከዚያ ወዲህ የሚበሉትም የሚጠጡትም ይህችኑ ቃል ነው።

ለቅሶ ቤት መቼም ሞኝ አይጠፋበትም። የዚህ ቤቱ ድርሻ ፂማሙ ጎረቤት ሆኗል። ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ድሮም እኮ ሴት ልጅና መሪ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተ» አሉት ጋሼ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። «መኪናህን ባቆምክ ቁጥር የአጥሬን ግማሽ ይዘህ ነው የምትሄደው። ሻይህን ጠጣ።»

ሰው ሁሉ ፈገግታውን ብርጭቆው ውስጥ ደበቀ። ፋርማሲስቱ ግን አልሳቀም። በደህናው ቀን ቢሆን ፂማሙን በአንገቱ ይዞ አውጥቶ፣ ስንት ወንድ ሹፌር በየገደሉ እንደተቀበረ እየቆጠረ ይነግረው ነበር። ዛሬ የሰውየውን ካልሲ አየ።

*

መኪናዋን «እሜቴ» ብላ የሰየመቻት ሚስቱ ናት። «አሮጊት ናት፣ ግን ኩራቷ አልቀነሰም፤ ስትሄድ ኮቴዋ አይሰማም» ትል ነበር። ባትሪና ነዳጅ እያፈራረቀች የምትሄድ፣ ከእነሱ በፊት ማን ሲነዳት እንደኖረ የማይታወቅ ሃይብሪድ ናት። ጋሼ ገና ካዩዋት ቀን ጀምሮ አልወደዷትም።

«ዝም የሚል ሰውና ዝም የሚል መኪና አላምንም» አሉ።

«አባዬ፣ አንተ ዝም የሚል ሰው መቼ አግኝተህ ታውቃለህ? ዕድሉን ሳትሰጠው።»

ሳቁ። በእሷ ነገር መቆጣት አይችሉበትም ነበር። እሷ ግን በሁሉም ነገር መቆጣት ትችልበታለች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሚስቱ ስታምጥ ስልኩን የሚነካካ ባል ካየች ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ኪሷ ትከተዋለች፤ «እጇን ያዝ። ይሄ ጉዳይ አንተንም ይመለከትሃል» ትለዋለች። በኋላ ልጁን አቅፎ ሲወጣ ስልኩን ትመልስለታለች፤ እሱም አመስግኗት ይሄዳል። የፋርማሲስቱና የእሷ ጋብቻ የሁለት ተሟጋቾች ጋብቻ ነበር። ጎረቤት የሚጣሉ ይመስለው ነበር እንጂ እየተጫወቱ ነበር።

በእውነት የተጣሉት በቢጫው መብራት ነው። እሜቴ ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት ማብራት፣ ፍሬኗን ረገጥ ሲያደርጉት ደግሞ ከሆዷ ውስጥ ማጉረምረም ጀመረች። ጋራዥ ተወሰደች። እዚያ ኮምፒውተር ሰክተው መብራቱን አጠፉት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ በራ። ፋርማሲስቱ ጮኸ፤ ይህ በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን መግደል ነው፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መድኃኒት ቤት ቢኖረው ይታሰራል አለ። እሷ ከሥራ ያመጣችውን የቁስል ፕላስተር ቆርጣ መብራቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አከምኳት» አለችው።

ሳቀ። ያኔ መሳቁ አሁን ትዝ ይለዋል። ትዝ ሲለው ግን ምንም አይሰማውም፤ የሰው ወሬ ይመስለዋል።

*

ከቀብሩ ማግስት ነበር የትራፊክ ፖሊስ መርማሪው ያስጠራው። የተጋጩ መኪናዎች የሚቆሙበት ግቢ ውስጥ እሜቴ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ ቆማለች። ፕላስተሩ እንዳለ ነው። መርማሪው ማስረዳት የሚወድ፣ ሲያስረዳ ሰው እንደሞተ የሚረሳ ዓይነት ሰው ነበር።

«ስማኝ፤ ይህች እንደ ድሮዎቹ አይደለችም። ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋልህ እግርህ ሳይሆን ፓምፕ ነው። ፓምፑ አርጅቶ ሞተ። ሲሞት ግን ያጠራቀመው ግፊት አለ። አንድ ጊዜ አጥብቀህ ረግጠህ ሳትለቅ ብትይዘው መኪናዋን ያቆምልሃል። ረግጠህ በለቀቅክ ቁጥር ደግሞ ያልቃል። ባለቤትህ ረግጣ ለቀቀች፣ ረግጣ ለቀቀች፣ ጨረሰችው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ጎበዝ ሹፌር ነበረች። የድሮ ሰው ነው መሰለኝ ያስተማራት።»

ፋርማሲስቱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር የተናገረውን ሰው አመስግኖ መውጣቱ ራሱ፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ዓመት ሙሉ የሚያንገበግበው ነበር።

ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱ አክስት ብቻ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ብርጭቆ ስታጥብ ቆሞ ነገራት። አክስትየው እጇን ከውሃው ሳታወጣ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ የጎበጠ የድስት ክዳን በአገጯ አሳየችው።

«ያንን ታየዋለህ? እግሯ ፔዳል የማይደርስ ልጅ ሆና ነው አባቷ ያስተማራት። ክዳኑን እዚህ ወለል ላይ ይደፋና ‹ፍሬን እምቢ አለሽ! ምን ታደርጊያለሽ?› ይላታል። እሷ ደግሞ ጧ፣ ጧ፣ ጧ! ያ ክዳን ከዚያ ወዲህ ድስት ገጥሞ አያውቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማ ልጄ። ይህ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። ሰውየውን አብረህ ልትቀብረው ነው?»

«እውነት ነው እትዬ።»

«እውነትማ እውነት ነው። ለእሷ ምን ይፈይድላታል? እውነቱ ለማን ይጠቅማል?»

ሰው ሁሉ የሚፈራው ተሟጋች ለአንዲት ብርጭቆ አጣቢ መልስ አጣ። ጋሼ አጠገብ ተመልሶ ተቀመጠ። እግራቸው ወረደ፣ ተነሳ፣ ወረደ።

*

መልሱ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ፤ ይልቅ በጎማ መጣ ማለት ይሻላል። በመስኮቱ በኩል አንድ መኪና በሩ ላይ ስትቆም ታየች። ድምፅ አልነበራትም። ቀለሟ ይለያል እንጂ ቁርጥ እሜቴ ናት። ፋርማሲስቱ ሻዩን እንደያዘ ቀረ። ለአፍታ፣ እጅግ ለአጭር አፍታ፣ ዘግይታ የገባች መስሎት ነበር።

የወረደችው የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ የጋሼ የድሮ ተማሪ።

«መጣሽ ዔሊ?» አሏት ጋሼ። መንዳት እስክትለምድ ሌሎቹ ሁሉ ፈቃድ አውጥተው ስለጨረሱ ያወጡላት ስም ነው።

«መጣሁ ጋሼ» ብላ እግራቸው ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ልቧ መለስ ሲልላት ማጽናኛ ይሆናል ያለችውን ተናገረች። «ያቺ የድሮዋ መኪናዬ ቁልቁለት ላይ እምቢ ያለችኝ ቀን የእርስዎ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የጮኸው። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ያዘልኝ። እኔ ዛሬ ያለሁት በእርስዎ ነው።»

«አሁንስ ምን ትነጂያለሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እንደ… እንደ እሷ ዓይነት ነው ጋሼ።»

አክስትየው የሻይ ፔርሙዙን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ግድ የለም፤ መኪና ሁሉ መኪና ነው» አሉ ሽማግሌው። «እምቢ ሲልሽ?»

«ደጋግሜ መርገጥ።»

«ጎበዝ! እሷም እንዲሁ ነው ያደረገችው። ጠይቂያት፣ ያችውልሽ፣ አብራት ነበረች።»

እግራቸው ወረደ፣ ተነሳ። ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አክስትየውን አየ። እሷም አየችው። አንገቷን ቀስ አድርጋ ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አትናገር።

እሱም እዚያ አልተናገረም። ልጅቷ ተሰናብታ ስትወጣ ግን ካልሲውን ብቻ እንዳደረገ ተከትሏት ወጣ። የመኪናዋን በር ከፍታ ነበር።

«ቢጫ መብራት ይበራል?»

«እ?»

«ዳሽቦርዱ ላይ። ቢጫ መብራት።»

«እ… ይበራ ነበር። ጋራዥ ወስጄ አጠፉልኝ።»

«መብራቱን ነው ያጠፉት። ውረጂ። መኪናዋን እዚሁ ተያት።»

«ኧረ ቤቴ እኮ እዚህ ታች ነው፣ ቁልቁለቱን ወርጄ…»

«ቁልቁለት!» አለ። አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ሲላቀቅ ተሰማው። «በእግርሽ ውረጂ! ሰማሽ? ነገ እውነተኛ ጋራዥ ትወስጃታለሽ፣ ተጎትታ! ከዚያ በኋላም እምቢ ካለችሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትረግጪው። አንድ ጊዜ! አጥብቀሽ! ከረገጥሽ በኋላ አትልቀቂ!»

«ጋሼ ግን ደጋግመሽ…»

«ጋሼ ያስተማሩሽ ለድሮዎቹ ነው! በዚህች ላይ ደጋግሞ መርገጥ ያለቻትን መጨረስ ነው! ገደላት እኮ! ደጋግማ ባትረግጥ ኖሮ…»

ቆመ። ንዴቱ ተመልሶ መጣለት፤ እንደ ልማዱም ከእሱ ቀድሞ ተናገረ። ልጅቷ ግን እሱን አልነበረም የምታየው፤ ከትከሻው ኋላ ያለውን ነበር። ዞረ። የእንግዳ ክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከመስኮቱ ሥር፣ ከእሱ ባዶ ወንበር ቀጥሎ፣ የጋሼ ነጭ ፀጉር ይታያል። አልተንቀሳቀሰም።

ልጅቷ የመኪናዋን በር ቆልፋ በእግሯ ወረደች። እስክትሰወር ድረስ ቆሞ አያት፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ ስላልነበረው ተመልሶ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው በድንገት ሻዩን በጣም ወዶታል። የሚስቱ ጓደኛ የታሰረ ክንዷ ላይ አቀርቅራለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ጋሼ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ነበር።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«በእግሯ?»

«በእግሯ።»

«ያቺ እኮ ዔሊ ናት» አሉ ጋሼ። «ደጋግመህ ካልነገርካት አይገባትም።»

«ደጋግሜ ነገርኳት ጋሼ።»

«ገባት?»

«ገባት።»

«እሺ» አሉ። «ጥሩ አደረግክ።»

አክስትየው ከፔርሙዙ ቀድታ ብርጭቆ አስያዘቻቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ፂማሙ ጎረቤት አንድ ደግ ነገር ሊናገር ፈለገ። ሞኝነቱ እንዳለ ሆኖ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ይኸው ነው እንግዲህ ጋሼ። እርስዎም እንዳሉት ልጅዎ ደጋግማ…»

ፋርማሲስቱ ፊታቸውን ማየት ስላልቻለ እግራቸውን አየ። ቀኝ እግራቸው ከምንጣፉ ትንሽ ተነስቶ አየር ላይ ቆየ፤ የሚወርድበትን ቦታ የረሳ ይመስል ነበር። ከዚያ ወረደ። አጥብቆ ወረደ፤ ጉልበታቸው ላይ ያለው ብርጭቆ ሻዩን ጣታቸው ላይ ደፋ።

ሌላ እንግዳ ገባ፣ እጃቸውን ጨበጠ፣ ተቀመጠ፣ ወጣ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እግራቸውን አላነሱም።